ቀንዷ ወዲህ፣ ጅራቷ ወዲያ

እስቲ ያንን አግዳሚ ወንበር እዩት። የቀበሌው ጽሕፈት ቤት በር ላይ፣ ከማስታወቂያ ሰሌዳው ሥር ያለውን፣ አንድ እግሩ ተሰብሮ በድንጋይ የተደገፈውን። ጫፉ ላይ የተቀመጠችዋን ሴት አያችኋት? ቀኝ እጇን ደረቷ ላይ ለጥፋ፣ በሩ በተከፈተ ቁጥር ብድግ የምትለዋን? ልቧን አሟት እንዳይመስላችሁ። እጇ ሥር ወረቀት አለ። ሴትዮዋ ባለፍርድ ናት።

ባለፍርድ የሌለበት ቀበሌ የለም። ውሃ የሌለበት ቀበሌ ሞልቷል፤ መብራት የሌለበትም አለ፤ ባለፍርድ የሌለበት ግን አሳዩኝና ይህን ጽሑፍ ፊቴ ላይ ቅደዱት። ባለፍርድ ማለት ከሶ፣ ተከራክሮ፣ ምስክር ቆጥሮ የረታ ሰው ነው። የረታ ሰው ደስ ብሎት ቤቱ ይገባል ትሉ ይሆናል። ሞኞች! ቤቱ የሚገባው የተረታው ነው። ገብቶ፣ እግሩን ታጥቦ፣ ለጥ ብሎ ይተኛል። የረታው ነው በየማለዳው ተነስቶ "ይፈጸምልኝ" እያለ በየበሩ የሚቆመው። የድሮ ሰዎች "በፍርድ ከሄደች በቅሎዬ፣ ያለፍርድ የሄደች ጭብጦዬ ታሳዝነኛለች" ብለዋል። በፍርድ "ትመለስ" ተብላ ሳትመለስ ስለቀረች ላም ግን ምንም አላሉም። አላዩማ!

የእኛዋ ባለፍርድ ክብርት የፍርድ ባለመብት እትዬ ብርቄ ትባላለች። "የፍርድ ባለመብት" የሚለው ወረቀቱ ላይ ያለ ነው፤ እኔ የጨመርኩት "ክብርት"ን ብቻ ነው። የዚያ ፍርድ ሸንጎ ጸሐፊ እኔ ነኝ። ስለዚህ የምናገረውን አውቃለሁ፤ የማፍርበትንም አውቃለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። በ1972 ቀበሌያችን በግቢ ከብት ማርባት ከለከለ። እትዬ ብርቄ ባሏ ሞቶ ከአንዲት ላም ጋር ብቻዋን የቀረችበት ዓመት ነበር። ላሟ ቡሬ ትባላለች። ከፈረንሳይ ለጋሲዮን በላይ ያለ ሕፃን ሁሉ የቡሬን ወተት ጠጥቶ ነው በእግሩ የሄደው። ታዲያ ለይኩን የሚባል የሰፈራችን ሰው፣ ከእንጦጦ ጀርባ በሱሉልታ በኩል ሚስቱ መሬት ያላት፣ ባርኔጣውን አውልቆ መጣ። "እትዬ፣ እኔ በእኩል ላርባልዎት" አላት። ደንቡን ታውቁታላችሁ። ላሟ የባለቤቷ፣ ሣሩና ጉልበቱ የአርቢው። ወተቱን አርቢው ይጠጣል፤ ጥጃው በየተራ ለሁለቱ ይደርሳል። እጅ ለእጅ ተመታቱና ቡሬ ተራራውን ተሻገረች።

በሦስት ዓመት ሦስት ጥጃ ተወለደ። አንዱ ለለይኩን ደረሰ። ሁለቱን ጅብ በላ፤ ሁለቱም የእትዬ ብርቄ ድርሻ ነበሩ። የመካፈያ ደንብ የሚያውቅ ጅብ እንግዲህ ያኔ ነው የተሰማው። ወተት ሻጯ ብርቄ በበኩሏ እንጨት ተሸካሚ ሆነች፤ ከእንጦጦ የባሕር ዛፍ ቅርንጫፍና ቅጠል በጀርባዋ እያወረደች ትሸጣለች። አንድ ቀን ተሸክማ ስትወርድ ዞር ብትል፣ ጅብ የበላት ጉራቻ ጥጃ ከእናቷ ጎን ቆማ ሣር ትግጣለች። እንጨቱን እዚያው ጥላ ክስ ልትመሠርት ወረደች።

በ1975 ረታች። ለይኩን ያኔ በቀበሌያችን የተመዘገበ ነዋሪ ስለነበረ ሸንጎው ሥልጣን ነበረው። ቡሬንና ጥጃዋን በአሥራ አምስት ቀን ውስጥ እንዲያስረክብ ወሰንን። ለይኩን ጎንበስ ብሎ እጅ ነሳንና "ለሕግ እታዘዛለሁ" አለ። በአሥረኛው ቀን ከዚያው ከእኛው ቢሮ፣ ከእኔ ቀጥሎ ካለው ጠረጴዛ፣ መሸኛ ጠየቀ። ተጻፈለት። "ግለሰቡ በቀበሌያችን ሲኖሩ መልካም ጠባይ የነበራቸው፣ ከማንኛውም ዕዳና ክስ ነፃ መሆናቸውን እየገለጽን..." መሸኛ ሁሉ የሚጻፈው እንዲህ ነው፤ ቃሉ ከድሮ የወረደ ነው፤ ሰው ስሙን ብቻ ይለውጣል። የእኔ ጠረጴዛ ባለዕዳ ያለውን ሰው፣ ክንዴ የሚነካው ጠረጴዛ ነፃ አውጥቶ ሸኘው! እሱም መሸኛውን ይዞ ተራራውን ተሻገረና የገበሬ ማኅበር አባል ሆነ።

የእንጦጦን ጫፍ የወጣ ያውቃል። ከጫፉ ወዲህ የወደቀ ዝናብ ወደ ቀበና፣ ወደ አቃቂ ብሎ አዋሽ ይገባል። አንድ ክንድ አልፎ የወደቀው ወደ ሙገር ወርዶ ዓባይ ይገባል። ዝናቡ እንኳ ሁለት ክልል አለው። ድንበሩ ላይ በኖራ የተቀባ ድንጋይ ቆሟል፤ ከድንጋዩ ወዲህ ቀበሌ፣ ወዲያ ገበሬ ማኅበር። ፍርዳችን እዚያ ድንጋይ ድረስ ሄዶ እንደ ዓይነ ስውር ቆመ።

ደብዳቤ ጻፍን። ከቀበሌያችን በላይ ያለው ከፍተኛ "ከክልላችን ውጭ ነው" አለ፤ መዝገቡንም በዚያው ዋጠው፤ እስከ ዛሬ አልተገኘም። አውራጃው "ከከተማ ቀበሌ ጋር በቀጥታ አንጻጻፍም" አለ። ከአውራጃው በላይ ያለው "የገበሬ ማኅበሩ ጉዳይ ነው" ብሎ መራ። የገበሬ ማኅበሩ ሸንጎ ሰብሳቢ ኦቦ ጉተማ ደግሞ "ከአውራጃ ትእዛዝ ይምጣልኝ" አለ። ዞሮ ዞሮ እዚያው! ለይኩንን የጠየቀው ሰው ሁሉ የሚያገኘው መልስ አንድ ነው፦ "እኔ እምቢ አላልኩም። ሥልጣን ያለው ይዘዘኝ።"

ሌላ ሰው ቢሆን ይተወዋል። ባለፍርድ ግን አይተውም፤ ጠባዩ ነው። እትዬ ብርቄ መሠረተ ትምህርት ገብታ ፊደል ስትቆጥር መማሪያዋ ያ ወረቀት ነበር። "ለ" የምትለው ፊደል ለእሷ የለይኩን መነሻ ናት፤ ስታነባት ጥርሷን ታፋጫለች። ውሳኔውን ከነቁጥሩ፣ ከነቀኑ፣ ከነማኅተሙ ዙሪያ ጽሑፍ በቃሏ ትወርደዋለች።

በየሳምንቱ የውይይት ስብሰባ ላይ ተናጋሪው ስለ ወዛደሩ አምባገነንነት ሁለት ሰዓት ተናግሮ "ጥያቄ ያለው?" ሲል እጇ ይወጣል። "ስለ ወዛደሩ ያልከው ገብቶኛል፣ ጓድ። ቡሬስ?" በአምስተኛው ሳምንት ሰውዬው "ከቡሬ ውጭ ጥያቄ ያለው?" ማለት ጀመረ። አንድ ጊዜ የደን ጠባቂ ከነሸክሟ ያዛትና ፈቃድ ጠየቃት። ፍርዱን አውጥታ ዘረጋችለት። ማንበብ አይችልም፤ ማኅተም ግን ያውቃል። "ይህን ቀድመሽ አታሳዪም ነበር?" ብሎ ሸክሙን አንስቶ ጀርባዋ ላይ አስተካከለላት።

እኛ ቢሮ ስትመጣ "ታገሽ፣ እትዬ፤ ፍርዱ እጅሽ ላይ አይደል?" እንላታለን። መልሷ ሁልጊዜ አንድ ነው፦

"ወረቀት አይታለብም!"

እሷ ስትናገር እንስቅ ነበር። እስክትጎብጥ ድረስ። ባለፈው ዓመት መስከረም ላይ የጤና ጣቢያው ሰው ጀርባዋን ዳብሶ "ከአሁን በኋላ ከተሸከምሽ ቀና ብለሽ አትሄጂም" አላት። እንጨቱን ካልተሸከመች አትበላም፤ ከተሸከመች ትሰበራለች። ቡሬ ካልመጣች ሦስተኛ መንገድ የላትም። ከዚያ ወዲህ እኔ አልሳቅኩም።

በግንቦት፣ ሐሙስ ዕለት፣ ለይኩን ከብቶቹን ቅዳሜ ጫንጮ ገበያ ሊያወጣ ነው የሚል ወሬ መጣ። ቡሬን ነጋዴ ገዝቶ ፍቼ፣ ከፍቼም ወዲያ ካሻገራት፣ ሌላ አውራጃ፣ ሌላ ሸንጎ፣ ሌላ ሦስት ዓመት። እትዬ ብርቄና እኔ የዚያኑ ዕለት ኦቦ ጉተማ ዘንድ ወጣን። ጢሙን እያሻሸ ሰማን።

"ብርቄ፣ እውነቱ ያንቺ ነው" አላት። "ትእዛዝ ሳይኖረኝ ከአባሌ በረት ከብት ባወጣ ግን ነገ እኔ ነኝ የምከሰሰው።"

"ነገ አርብ ነው፣ ኦቦ ጉተማ። ከነገ ወዲያ የለችም።"

ጢሙን ማሻሸቱን ተወ። ከዚያ ወደ ተራራው አገጩን ቀና አደረገ። "የለይኩን ከብት ጠዋት ጠዋት እስከ ድንጋዩ ድረስ ይሰማራል። ከድንጋዩ ወዲያ የእናንተ ነው፤ አላይም። ወዲህ ግን ጠመንጃ የያዘ የቀበሌ ሰው አንዲት እግር ካስገባ፣ እኔም ጠመንጃ የያዘ ሰው አለኝ። ላሟን የሚከለክላት የለም፤ እግሯ የራሷ ነው።"

አርብ ጠዋት ሦስታችን ከድንጋዩ በታች ባሕር ዛፍ ውስጥ ተቀመጥን። እትዬ ብርቄ፣ እኔ ከቃለ ጉባዔ መዝገቤና ከሊቀመንበሩ ለምኜ ካመጣሁት ማኅተም ጋር፣ እና ይማም የሚባለው አብዮት ጥበቃ። ይማም ጠመንጃውን ጉልበቱ ላይ አጋድሞ ላቡን ይጠርጋል። ብርድ ነው፤ እሱ ግን ያልበዋል።

"ጸሐፊው፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ" አለኝ በሹክሹክታ። "እግሬ አምልጦኝ ድንጋዩን ባልፍ ምን እባላለሁ?"

"ወረራ።"

"ቢተኩሱብኝስ?"

"ሕጋዊ።"

"ምነው ባልጠየቅሁህ!" አለና እግሩን ሰበሰበ።

ከብቶቹ ወጡ። ቡሬ ከፊት ናት፤ አርጅታለች፣ ጡቷ ግን ሙሉ ነው። ከኋላዋ አንዲት ጉራቻ ጊደር፣ የግራ ፊት እግሯ ነጭ። እትዬ ብርቄ ክንዴን ጨበጠችው። "ጥጃዬ" አለች። ከመንጋው ኋላ ለይኩን፣ ባርኔጣውን እንዳደረገ። እሱም እኛን አየ። ሮጦ አልመጣም፤ እየተንጎራደደ ድንጋዩ ጋ ደርሶ በራሱ በኩል ቆመ። ለያንዳንዳችን እጅ ነሳ፤ ለጠመንጃውም የነሳ መሰለኝ።

"እትዬ ብርቄ፣ እንደምን አደሩ? ጀርባዎት እንዴት ነው?"

"ላሜን ስጠኝ፣ ለይኩን።"

"እኔ እምቢ አላልኩም። ሥልጣን ያለው..."

"እንካ ሥልጣን!" ወረቀቱን ከደረቷ አወጣች። በእጁ አትሰጠውም፣ ይቀደዳል። በድንጋዩ ሥር፣ በእኛ በኩል፣ ሣሩ ላይ ዘረጋችውና በአራት ጠጠር ጫነችው። "አንብብ!"

እዚህ ላይ አንድ የማናውቀው ነገር ነበረ። ሴትዮዋ ለሦስት ዓመት ተራራ በወጣች ቁጥር ቡሬን ካየኋት ብላ አንድ ጭብጥ ጨው ይዛ ነው የምትወጣው። ጨውና ፍርድ በአንድ ፌስታል፣ በአንድ ደረት። ወረቀቱ ላብና ጨው ጠጥቶ ጠጥቶ እንደ ቋንጣ ሆኗል። ቡሬ አፍንጫዋን አነሳች። አሸተተች። ቀስ ብላ መጣች፤ ለይኩን ልብ አላለም፣ እያነበበ ነው። ቀንዷ ድንጋዩን አለፈ። የፊት እግሮቿ አለፉ። ይማም እንደ ድመት አድብቶ ቀንዷን ሲይዝ፣ ለይኩን ባንኖ ጅራቷን ያዘ።

እዚያው ቆመች። ቀንዷ በከተማ፣ ጅራቷ በገጠር። ይማም በግራ እጁ ጠመንጃውን በቀኙ ቀንድ ይዟል፤ ለይኩን በሁለት እጁ ጅራት። አንዱ ቢጎትት ሌላው ይሻገራል፤ የተሻገረው ወራሪ ነው። ከወዲያ በኩል ሁለት ጠመንጃ የያዙ ሰዎች እየሮጡ ሲወጡ አየሁ። የይማም ጣት ወደ ቃታው ስትሄድም አየሁ። እናቴ ያስተማረችኝን ጸሎት ሁሉ ረሳሁት። እግዜር ያሳያችሁ፣ የአንዲት ሴት ላም ከድንጋይ ወዲህ ነች ወይስ ወዲያ በሚል ሦስት ሰው ሊሞት ነው! ይህን ያመጣው ጅብ አይደለም። ደብዳቤ ነው።

"ቁሙ!" የሚል ድምፅ መጣ። ኦቦ ጉተማ ነው፤ እያለከለከ፣ ዱላውን እየተመረኮዘ። ሰዎቹን አስቆመ። ላሟን ከቀንድ እስከ ጅራት አየ።

"ለይኩን፣ የማን አባል ነህ?"

"የእርስዎ፣ ጌታዬ።"

"ሥልጣን አለኝ?"

"አለዎት እንጂ።"

"ጅራት ልቀቅ።"

"ጌታዬ፣ ላሟ እኮ..."

"ስለ ላም ትእዛዝ የለኝም። ስለ ጅራት ነው ያዘዝኩህ። ሥልጣን ያለው ይዘዘኝ ስትል ሦስት ዓመት ሰማሁህ። እነሆ፣ ታዘዝ!"

ለቀቀ። ቡሬ በኋላ እግሯ ዘለለችና ከነሙሉ አካሏ ቀበሌያችን ገባች። እትዬ ብርቄ አንገቷ ላይ ተጠመጠመች። ይማም እንደ ልጅ ሳቀ። እኔ መዝገቤን ከፍቼ "ዛሬ ግንቦት..." ብዬ ስጀምር ነው የለይኩን ሳቅ የተሰማኝ።

"ፍርዱ የታለ?" አለ።

ቡሬ ታኝካለች። የማኅተሙ ጫፍ፣ ሰማያዊው፣ ከከንፈሯ ዳር ብቅ ብሎ ተመልሶ ገባ።

"መዝገቡ ከፍተኛው ዘንድ ጠፍቷል፤ ራሳችሁ ናችሁ የነገራችሁኝ። ወረቀቱን ላሟ በላችው። ያለ ፍርድ ከነዳችኋት ዘረፋ ነው፤ ኦቦ ጉተማ ምስክሬ ናቸው።" ድምፁ ደግሞ ያው ለስላሳ። "እኔ እምቢ አላልኩም።"

ይማም ሳቁን ዋጠ። ኦቦ ጉተማ መሬት መሬት አየ። እትዬ ብርቄ የላሟን አንገት ሳትለቅ ፊቷን ወደ እኔ አዞረች።

"ጸሐፊው፣ ጻፍ።"

ጀመረች። የመዝገብ ቁጥር። ቀን። የዳኞች ስም፣ ከነአባት። "የፍርድ ባለዕዳው ለይኩን፣ ቡሬ የተባለች ላም አንድ..." አንድ ቃል አልዘለለችም፤ ነጠላ ሰረዝ ጋ ትንፋሽ ትወስዳለች። እኔ እጽፋለሁ። ለይኩን ራሱ ባርኔጣውን አወለቀ። ከዚያ ወደ ጥጃዋ ደረሰች፤ ብዕሬን አነሳሁ። እዚያ ላይ ያለው ስሕተት የእኔ ነው። በ1975 "ጥጃዋን ከነእድገቷ፣ ከነእርቢዋ" ብዬ በመጻፍ ፈንታ፣ የተማርኩ ለመምሰል "ዕድሜዋ አምስት ወር የሆነ" ብዬ ጻፍኩ። ለይኩን ስለ ጥጃዋ በተጠየቀ ቁጥር ሦስት ዓመት ሙሉ "የአምስት ወር ጥጃ የለኝም፤ ያለችኝ ጊደር ናት፤ ሌላ ከብት ናት" እያለ የተከራከረው በዚያች በእኔ አምስት ወር ነው። አሁን ወረቀቱ የለም። መዝገቡ የለም። ብዕሩ በእጄ ነው። ጊደሯ እዚያው፣ ሃያ እርምጃ ላይ ቆማለች።

"እትዬ" አልኳት ቀስ ብዬ፣ "ጊደር ልበለው?"

ኦቦ ጉተማ ሰምቷል። ፊቱን ወደ ሱሉልታ አዞረና ስለ ደመናው ማሰብ ጀመረ። ደግ ሰው ነው።

"የአምስት ወር ሴት ጥጃ፣ ጉራቻ" አለች እትዬ ብርቄ፣ ጮክ ብላ።

"እትዬ፣ እባክሽ..."

"የፈረዳችሁትን ጻፍ! ዛሬ ለእኔ ብለህ ቃሉን ብትለውጥ፣ ነገ ለእሱ ብለህ ትለውጠዋለህ።"

ጻፍኩ። ኦቦ ጉተማ "ሲነገር ሰምቻለሁ፣ ልክ ነው" ብሎ በጣቱ ፈረመ። ለይኩንም ፈረመ፤ ምን ይበል? ማኅተሙን መታሁ። ቡሬን ነድተን ወረድን።

እነሆ ዓመት ሞላው። የከብት ክልከላው ተረስቷል፤ ሊቀመንበራችን ራሱ ሁለት ላም አለው። እትዬ ብርቄ እንጨት መሸከም አቁማለች። ጀርባዋ ሙሉ በሙሉ ባይቃናም ቀና ብላ ሰው ታያለች፤ በተለይ እኔን። ጊደሯን ለይኩን ከፈረመ ወዲህ ገበያ ሊያወጣት አልደፈረም፤ ስለ እሷ ግን ከላይ ደብዳቤ መጣ፦ "በውሳኔው ላይ የተጠቀሰችው የአምስት ወር ጥጃ ስለሆነች፣ የተገኘችው ከብት ከውሳኔው ጋር አትገናኝም።" ስለዚህ አሁንም አግዳሚው ላይ ናት። አሁንም በየስብሰባው እጇ ይወጣል። አሁንም ቢሮው በር ስትደርስ ባልደረቦቼ ከጠረጴዛ ሥር ብዕር የወደቀባቸው ይመስላሉ። እኔ ደግሞ፣ ይህን ማንም አያውቅም፣ በመጣች ቀን ሥራዬን በደንብ እሠራለሁ። የጻፍኩትን መልሼ አነባለሁ። ያልመጣች ቀን በሩን አሥር ጊዜ አያለሁ፤ ታመመች እንዴ ብዬ።

አርብ አርብ አብረን ተራራ እንወጣለን። ለመሥሪያ ቤቱ "የሥራ ጉዳይ" ብዬ እፈርማለሁ። ይማምም ይመጣል፤ ከድንጋዩ ሁለት ክንድ ርቆ ይቀመጣል። ጊደሯ ዘንድሮ አርግዛለች። አንድ ጊዜ ወደ እኛ ከተሻገረች ጥጃ ናት አይደለችም የሚለው ክርክር በእኛ ሸንጎ ነው የሚታየው፤ እዚያ ደግሞ ስሕተቴን ራሴ ቆሜ እናገራለሁ። ሁለት ጊዜ ድንጋዩ ድረስ መጥታ ነበር። ሁለቱንም ጊዜ መንገደኛ፣ ከመንጋዋ የጠፋች መስሎት፣ ደግነት ብሎ፣ ወደ ኋላ መለሳት።

ስለዚህ እናንተ በእንጦጦ ጫፍ አርብ ጠዋት የምታልፉ ሰዎች፣ ከወዲህም ሆናችሁ ከወዲያ፦ ጉራቻ፣ የግራ ፊት እግሯ ነጭ፣ ከብዷት ቀስ ብላ የምትሄድ ጊደር ወደ ኖራው ድንጋይ ስትቀርብ ካያችሁ፣ እባካችሁ አትመልሷት። መንገዱን ልቀቁላት።